ስድስት መቶ አሥራ ሁለተኛው መጽሐፍ

«አንድም አልተነካም እኮ። ገልጠህ ብታሸተው የማተሚያ ቤቱ ቀለም ገና ነው።»

«በቃ፣ እንግዶቹን እዚህ ነዋ የምናመጣቸው። የሌሎቹንማ አየህ አይደል? ሽፋን የለው፣ ጠርዝ የለው። ልጆቹ በልተውታል።»

ሁለቱ ሰዎች ሳቁ። ክብረት ይህን የሰማችው ከጣውላው ግድግዳ ማዶ፣ ያረጁ ካርታዎችና የተሰበሩ ወንበሮች በሚከማቹባት ጠባብ ክፍል ውስጥ መሰላል ስትፈልግ ነው። ሰዎቹ በመላ አገሪቱ ሕፃናት በክረምቱ እንዲያነቡ የሚቀሰቅስ ዘመቻ ከሚያዘጋጅ ቢሮ የመጡ ነበሩ። በሚቀጥለው ሳምንት መክፈቻው ስለሚደረግ ለእንግዶች የሚታይ ቤተ መጻሕፍት ፍለጋ ከትናንት ጀምረው አራት ትምህርት ቤት ዞረዋል። በመጨረሻ ከጊዮርጊስ ጀርባ ያለችውን ይህችን አሮጌ ትምህርት ቤት አገኙና ልባቸው አረፈ። ክብረት መሰላሉን እንደያዘች ቆመች። የሰማችው ምስጋና ነበር፤ መጽሐፎቹን ሰባት ዓመት የጠበቀቻቸው እሷ ናት። ነገር ግን ደስ አላላትም። ሰው ስለ ልጇ «ከቤት ወጥታ እንኳ አታውቅም» ብሎ ሲያመሰግንላት የሰማች እናት የሚሰማት ዓይነት ነገር ተሰማት፤ ምን ብላ እንደምትቀየም ግን አላወቀችም። ሰዎቹ እስኪወጡ ጠብቃ መሰላሉን ይዛ ገባች።

ቀኑ ሰኔ ሠላሳ ነበር። ተማሪዎቹ ከተበተኑ ሳምንት አልፏል። ግቢው ጭር ብሎ፣ ከቆርቆሮው ጣሪያ የሚወርደው ውኃ ብቻ ይሰማል። ክብረት ባለፈው ወር ስድሳ ዓመት ሞላት፤ ዛሬ የመጨረሻ የሥራ ቀኗ ነው። ሞዴል አሥራ ዘጠኝ በሚባለው የንብረት መረከቢያ ቅጽ ላይ ፈርማ የተረከበቻቸውን ስድስት መቶ አሥራ ሁለት የሕፃናት መጽሐፎች በእሷ ቦታ ለሚተካው ልጅ አስረክባ፣ ክሊራንሷን አስፈርማ፣ ከአሥራ አንድ ሰዓት በፊት መዝገብ ቤት ማስገባት አለባት። ወረቀቱ ዛሬ ካልገባ ወደ አዲሱ የበጀት ዓመት ይዞራል፣ የርክክብ ኮሚቴው ይበተናል፣ ሌላ ኮሚቴ እስኪቋቋም የጡረታ ፋይሏ ካለበት አይንቀሳቀስም። ይህ የወሬ ነገር አይደለም። የዘበኛው የአቶ ሐድጉ ፋይል አንዲት አካፋ ጎድላባቸው አሥራ አራት ወር ተኝቷል። አካፋዋ በመጨረሻ ከሽንት ቤቱ ጀርባ ስትገኝ እሳቸው ከዘራ ይዘው ነበር የሚሄዱት።

መጽሐፎቹ የሚቀመጡባት ክፍል አራት የብረት መደርደሪያና አንድ ጠረጴዛ አላት፤ መስኮቷ በሽቦ የታጠረ ነው። መጀመሪያ ሰሞን ክብረት ረቡዕ ረቡዕ ልጆች እያስገባች በጠረጴዛው ዙሪያ ታስነብባቸው ነበር። ከዚያ አንድ ቀን አንድ ልጅ ቅጠል ቀደደ። ለምን እንደተቀደደ በጽሑፍ እንድታስረዳ ተጠየቀች፤ አስረዳች፤ የተቀደደው ከደመወዟ ተቆረጠ። በሚቀጥለው ረቡዕ ቁልፉን ከቤቷ ረስታ መጣች። በሚቀጥለው ደግሞ አሞኛል አለች። ከዚያ በኋላ ረቡዕ እንደ ማንኛውም ቀን ሆነ። ዝጊው ያላት የለም፤ ለምን ተዘጋ ብሎ የጠየቃትም የለም። በየወሩ አቧራውን ታራግፋለች፣ ተቆጣጣሪ ሲመጣ ትከፍታለች፣ ተቆጣጣሪው «ጎበዝ» ብሏት ይሄዳል።

የሚረከባት ልጅ ደምመላሽ ይባላል። የአፍንጮ በር ልጅ ነው፤ ቀጭን፣ አፉ የማያርፍ፣ ሥራ ፈልጎ ሦስት ዓመት የተቀመጠ። ከጠዋቱ ሁለት ሰዓት ጀምሮ በእርሳስ ጫፍ የመጽሐፎቹን ጀርባ እየነካ ሲቆጥር ቆየ። አምስት ሰዓት ሊሆን ሲል ቀና አለ።

«እትዬ ክብረት፣ ስድስት መቶ አሥራ አንድ።»

«ድገመው።»

«ሦስተኛዬ ነው እኮ። ከዚህ በላይ ከቆጠርኳቸው ይደነግጣሉ።»

ክብረት አልሳቀችም። የጎደለው የትኛው እንደሆነ ቆጠራው ሳይጀመር ታውቅ ነበር፤ ማታውን ሙሉ ስታስበው አድራለች። ቆጠራው አልፎት ይሄድ ይሆናል ብላ ተስፋ ያደረገችው ግን እንደ ሕፃን ነበር። «የጉንዳኖቹ ባቡር» ይባላል፤ ቁጥር ሦስት መቶ አርባ ስምንት። ከሦስት ዓመት በፊት የእህቷ የዓለምጸሃይ የልጅ ልጅ ሊሊ ኩፍኝ ይዟት በጨለማ ክፍል ተኝታ ስታለቅስ አይታ፣ በማግሥቱ ከጎመኑ በታች ዘንቢል ውስጥ ከትታ ያወጣችው መጽሐፍ ነው። ከዚያች ክፍል የወጣ መጽሐፍ እሱ ብቻ ነው። ሊሊ ዳነች። ከጥቂት ወራት በኋላ የክብረትና የዓለምጸሃይ እናት ሞቱ፣ ከእናታቸው ተዝካር ማግሥት ሁለቱ እህትማማቾች በአንዲት ቁም ሣጥን ተቃቃሩ፣ እነሆ ሁለት ዓመት ሙሉ አልተነጋገሩም።

«ይግዙና ይተኩ እንዳልል ገበያ ላይ የለም» አለ ደምመላሽ። «በነፃ የሚታደል ይላል ሁሉም። ማኅተሙና ቁጥሩ ያለበት የመጀመሪያው ቅጠል ብቻ እንኳ ቢመጣ፣ ‹የተጎዳ› ብዬ እረከባለሁ። ባዶውን ግን አልፈርምም፤ አይቀየሙኝ። እኔም ነገ እንደ እርስዎ ነኝ።»

«እስከ ስንት ሰዓት ትጠብቀኛለህ?»

«እስከ ዘጠኝ ይምጡ። ርዕስ በርዕስ ማመሳከሩ ይቀረናል። ከአሥራ አንድ በኋላ መዝገብ ቤት የሚያገኙት ድመቷን ነው።»

ክብረት ጃንጥላዋን ይዛ ወጣች። ካፊያ ነበር። ጊዮርጊስን ስታልፍ ከአጥሩ ውጪ ቆማ ተሳለመች፤ የምትለምነውን ነገር ስም ለመጥራት ግን አፈረች። ቁልቁል ወደ ዶሮ ማነቂያ የሚወስደው መንገድ እሷ ከምታውቀው ግማሹ የለም። ወርቅ ቤቶቹና ልብስ ሰፊዎቹ የነበሩበት ቦታ በሰማያዊ ቆርቆሮ ታጥሯል፤ ከቆርቆሮው በላይ ሰማይ ብቻ ይታያል። እህቷ ቤት ባዶ እጇን መግባት እንደማትችል ትዝ ሲላት ከአንዲት ሱቅ በር ላይ ቆመች። ሁለት ዓመት የተቋረጠ ደጅ በባዶ እጅ አይረገጥም። አንድ ኪሎ ስኳር አስመዘነች። ዋጋው ካለፈው ሳምንት በአሥር ብር ጨምሯል፤ ባለሱቁ ዋጋውን ሲነግራት እንደ ጥፋተኛ መሬት መሬት እያየ ነበር። ስኳሩን ስትቀበል ለዕርቅ የመጣች እንደሚያስመስላት አላሰበችም።

ዓለምጸሃይ የምትኖርበት ግቢ ከጋራው በር ገባ ብሎ፣ ሰባት ቤቶች ጀርባ ለጀርባ ተደጋግፈው የቆሙበት ነው። ሁለቱ ቤቶች ባዶ ናቸው፤ በራቸው ተነቅሎ ተወስዷል። ዓለምጸሃይ ደጃፏ ላይ ቁጭ ብላ ምስር ትለቅም ነበር። ቀና ብላ እህቷን አየች፣ ከዚያ በእጇ የያዘችውን ስኳር አየች፣ ሰፌዱን መሬት አስቀምጣ እጇን አፏ ላይ ጫነች።

«ንዒ፣ እተዊ» አለቻት በእናታቸው ቋንቋ፤ ነይ፣ ግቢ።

ቤቱ አንድ ክፍል ነው። አልጋው፣ ቡፌው፣ ዳንቴል የለበሰው ቴሌቪዥን፣ ጣሪያው ለሚያፈሰው የተቀመጠው ባልዲ፣ ሁሉም እንደነበረ ነው። ያቺ ያጣላቻቸው ቁም ሣጥን ከአልጋው ግርጌ ቆማለች፤ አንዱ በሯ በላስቲክ ታስሯል። ክብረት እንዳታያት ፊቷን ወደ መስኮቱ አድርጋ ተቀመጠች። ዓለምጸሃይ ስኳሩን በሁለት እጇ ተቀብላ ቡፌው ላይ ከእናታቸው ፎቶ አጠገብ አስቀመጠችው። ሻይ ጣደች። ብርጭቆ አጠበች፤ የታጠበውን ደግማ አጠበች። ስለ ዘይት ዋጋ አወሩ። ስለ ሽንኩርት አወሩ። ከጎረቤት ማን ቤቱ ሊፈርስ ተነስቶ ወደ ገላን እንደሄደ፣ ማን የምትክ ቤት ዕጣ እንደሚጠብቅ፣ ማን እንደሞተ አወሩ። ወሬው ባለቀ ቁጥር ባልዲው ውስጥ የሚንጠባጠበው ውኃ ይሰማል፤ ያን ጊዜ አንዳቸው ሌላ የዋጋ ነገር ያነሳሉ። ክብረት ሰዓቷን ላለማየት ትታገላለች። ስድስት ተኩል ሆኗል።

«እኔም ልመጣ ነበር» አለች ዓለምጸሃይ ጀርባዋን ሰጥታ ሻይ እየቀዳች። «ለጡረታሽ። ስንት ጊዜ ልብሴን ለብሼ አወለቅኩ መሰለሽ።»

ክብረት መመለስ የሚገባትን ታውቅ ነበር። ‹እኔም› ማለት ብቻ ነበር። ሦስት ፊደል ነው። ነገር ግን የቆጠራው ነገር ደረቷ ላይ ስለተቀመጠ ያ ሊወጣላት አልቻለም።

«ዓለም፣ ያቺ ለሊሊ ያመጣሁላት መጽሐፍ አለች?»

ዓለምጸሃይ ብርጭቆውን ይዛ ቆመች። ወደ ቡፌው፣ ወደ ስኳሩ ዞር ብላ አየች።

«ለመጽሐፍ ነው የመጣሽው?»

«ዛሬ ካልመለስኩት ጡረታዬ ይያዛል።»

ዓለምጸሃይ ሻዩን እህቷ ፊት አስቀመጠች፣ በሩ ላይ ወጥታ «ሊሊ!» ብላ ተጣራች፣ ተመልሳ መጥታ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀመጠች። ከዚያ በኋላ ስለ ምንም ዋጋ አልተወራም።

ሊሊ አሥር ዓመቷ ነው። መጥታ መጽሐፏ የት እንዳለ ተጠየቀች። አያቷን አየች፣ የክብረትን ጉልበት አየች። «ቅርጫ አድርገነዋል» አለች።

«ምን?»

«ቅርጫ። ለአምስት።»

አስረዳች። መጽሐፉ አንድ ነው፣ የግቢው ልጆች አምስት ናቸው። ሁሉም ቤቱ ወስዶ ማሳደር ይፈልጋል፤ ስለዚህ ይጣላሉ። አንድ የፋሲካ ሰሞን አዋቂዎቹ በሬ ገዝተው ግቢው ውስጥ ሲያርዱ፣ ሥጋውን መደብ በመደብ ሲደለድሉና ዕጣ ሲጥሉ አዩ። እነሱም እንዲሁ አደረጉ። አልቀደዱትም፤ ወገቡ ላይ ያሉትን ሁለት ሽቦዎች በመርፌ አቃንተው አወጡና ቅጠሎቹን በተርታ አምስት መደብ አደረጓቸው፣ ዕጣ ጣሉ። የመጀመሪያው መደብ ለሁዳ ወጣ፣ ሁለተኛው ለሊሊ፣ እንዲህ እያለ የመጨረሻው ለሙስዓብ። እያንዳንዱ የራሱን ድርሻ ቤቱ ያሳድራል። ወደ ማታ ግን ሁሉም በባዶው ቤት በረንዳ ላይ በተርታ ይቀመጡና ሁዳ ትጀምራለች፤ የእሷ ሲያልቅ ሊሊ ትቀበላለች። አሁን ሙስዓብ የለም። እነ ሙስዓብ በሚያዝያ ወደ ገላን ሲሄዱ ድርሻውን ይዞት ሄዷል። ከዚያ ወዲህ የጉንዳኖቹ ባቡር ድልድዩ ላይ ቆሟል፤ ይለፍ ይውደቅ የሚያውቅ የለም፤ አንዱ ያልፋል ይላል፣ ሌላው ወንዝ ውስጥ ይከተዋል። በዚህ ነገር ሁለት ጊዜ ተደባድበዋል።

ሊሊ የራሷን ድርሻ ከፍራሹ ሥር አውጥታ አሳየቻት። የስኳር ፌስታል ተቆርጦ ተለብጧል። ጠርዙ በጣት ብዛት እንደ ጨርቅ ለስልሷል፤ የገጾቹ ማዕዘን ክብ ሆኗል። ክብረት በእጇ ይዛ ገለጠችው። ሰባት ዓመት መጽሐፍ ስትጠብቅ እንደዚህ ዓይነት ወረቀት ነክታ አታውቅም። የሊሊ ድርሻ ግን ማኅተም የለበትም። ሻይዋን ሳትጠጣ ተነሳች። ዓለምጸሃይ አልጋው ጫፍ ላይ እንደተቀመጠች ነበር፤ ቀና አላለችም።

የሁዳ አባት አብዱልመሊክ ከግቢው በር ላይ አንድ ሰው ብቻ የምታስገባ ሱቅ አለው። ሁዳ የጨው ጆንያ ላይ ተቀምጣ ክብሪት ስትደረድር አገኟት። አሥራ አንድ ዓመቷ ነው፣ ሻርፗን አገጯ ሥር የቋጠረች፣ ስትሰማ ዓይኗን የማትነቅል ልጅ። ጉዳዩን ሊሊ ነገረቻት። ሁዳ ከብስኩት ካርቶን ውስጥ በፌስታል የተጠቀለለ ነገር አወጣች። ሽፋኑ አለ፤ ከሽፋኑ ቀጥሎ ያለው ቅጠል ላይ ክቡ ማኅተምና በቀይ ቀለም የተጻፈው ቁጥር አሉ። ሦስት፣ አራት፣ ስምንት። ክብረት እጇን ዘረጋች፤ ልጅቷም ዘረጋች፤ ነገር ግን አለቀቀችም።

«የመጀመሪያው ከሄደ ሌሎቹ ከየት ይጀምራሉ እማማ?»

«ሌላ እሰጥሻለሁ» አለች ክብረት። «ሙሉውን። ከነሽፋኑ።» የምሯን ነበር። ይህን ስትል መደርደሪያውን፣ ከላይ በግራ በኩል ያሉትን ትልልቆቹን መጽሐፎች በዓይኗ እያየች ነበር።

አብዱልመሊክ ከባንኮኒው ኋላ ብቅ አለ። «ተከትለሻቸው ሂጂና ተቀበዪ» አለ ልጁን። «ጨለማ ሳይሆን ተመለሽ። ደግሞ እሱንም አምጥታችሁ ብልት በብልት እንዳታደርጉት፤ ባለፈው ስትካፈሉ ለእኔ ምላስ እንኳ አልደረሰኝም።» ከዚያ ወደ ክብረት ዞሮ ድምፁን ዝቅ አደረገ። «ይህቺ ልጅ እንቅልፏን የምታገኘው እሱን አንብባ ነው። አይርሱባት፣ አደራ።»

ከግቢው ሲወጡ ሊሊ ከኋላ ሮጣ ደረሰችባቸው። በእጇ የስኳሩን ከረጢት ይዛለች። «አያቴ ይህን ረስታው ነው ብላለች» አለች። ክብረት ከረጢቱን ተቀበለች። ሌላ ምን ታደርጋለች? ዳገቱን ስትወጣ በአንድ እጇ ስኳሩን፣ በሌላው ጃንጥላውን ይዛ ነበር፤ ቅጠሎቹን ሁዳ ደረቷ ላይ አቅፋ ይዛለች።

«እዚያ ስንት መጽሐፍ አለ?» አለች ሁዳ የሰማያዊውን አጥር ጥግ ይዘው ሲሄዱ።

«ብዙ ነው።»

«ስንት?»

«ስድስት መቶ አሥራ አንድ።»

ሁዳ ቁጥሩን በልቧ አካፈለችው። «እንዲህማ ከሆነ ለእያንዳንዱ ሙሉ ሙሉ ይደርሳል» አለች። ከዚያ ደግሞ «ማን ነው የሚያነበው?» አለች። ክብረት የመኪና ድምፅ ስለነበር ያልሰማች መሰለች።

ዘጠኝ ሰዓት ሊሆን ጥቂት ሲቀረው ደረሱ። ደምመላሽ የሁዳን ቅጠሎች ተቀብሎ የመጀመሪያውን ወደ መስኮቱ አቅርቦ አየ፣ ማኅተሙን በአውራ ጣቱ ዳሰሰ፣ በመዝገቡ ላይ ከቁጥሩ ጎን ‹የተጎዳ› ብሎ ጻፈ። ቅጠሎቹን ‹የሚወገድ› የሚል ወረቀት የተለጠፈበት ካርቶን ውስጥ፣ ከአሮጌ ካርታዎች ጋር አኖራቸው። ሁዳ ካርቶኑን አየችው። ጫማዋ ጭቃ ስለነበር ደፉ ላይ ቆማለች።

«ማንበብ ትችያለሽ፣ እህቴ?» አላት ደምመላሽ።

«እችላለሁ።»

«እንግዲያ ጫማሽን አውልቂና ግቢ። እትዬ ክብረት መነጽራቸው ጭጋግ ለብሷል። አንቺ የመጽሐፎቹን ስም ትጠሪያለሽ፣ እኔ መዝገቡ ላይ ምልክት አደርጋለሁ። ስሙን ብቻ ነው፤ ከዚያ ያለፈ እንዳትይ፣ ይመሽብናል።»

ሁዳ በካልሲዋ ገባች። ከላይኛው መደርደሪያ ጀመረች። «የሌሊት ወፏ መነጽር» አለች። «አንበሳ ጥርሱን ሲያመው። ዝናብ የሚሸጠው ሰውዬ። ሰባት ወንድሞችና አንድ ጫማ።» መጀመሪያ ላይ እያንዳንዱን ስም እንደ ታሪክ መጀመሪያ ድምፅዋን ከፍ አድርጋ እያነበበች፣ ጨርሳ ጥቂት ትጠብቅ ነበር፤ ቀጥሎ የሚመጣውን የምትጠብቅ ይመስል። ደምመላሽ «እሺ፣ ቀጥዪ» ይላል። ሃምሳ ሲደርሱ መጠበቁን ተወች። መቶ ሲያልፉ አንዱን ገለጥ አደረገች፤ አዲስ ስለነበር ወገቡ ጠጠር ሲፈረካከስ እንደሚሰማው ድምፅ አሰማ። «ስሙን ብቻ ብዬሻለሁ» አለ ደምመላሽ፣ በቁጣ አይደለም። ዘጋችው። ከዚያ በኋላ ስሞቹን እንደ ተማሪ ስም ዝርዝር በአንድ ድምፅ ትጠራቸው ጀመር። ክብረት ጠረጴዛው አጠገብ ተቀምጣ ሰማች። ከነዚህ ስሞች ብዙዎቹን ሰው ጮክ ብሎ ሲጠራቸው የሰማችው ዛሬ ነው። አብዛኞቹን እሷም አላነበበቻቸውም።

አሥር ሰዓት ተኩል ላይ አለቀ። ሁዳ ወደ ላይኛው መደርደሪያ ተመልሳ ጣቷን ዘርግታ ጠቆመች። «እማማ፣ ያንን ነው የምፈልገው። የሌሊት ወፏን።»

ክብረት መጽሐፉን አየችው። እጇ ይደርስበታል። ቁልፉም ገና በእሷ አንገት ላይ ነው። ነገር ግን አሁን ቢወጣ ቆጠራው ይጎድላል፣ ቆጠራው ከጎደለ ደምመላሽ አይፈርምም። አራት ሰዓት ሙሉ የዞረችው ስድስት መቶ አሥራ ሁለት እንዲሞላ ነው። «ፈርመን እንጨርስ፤ ከዚያ» አለች። ሁዳ «እሺ» ብላ ጫማዋን ልታደርግ ወጣች።

ፈረሙ። ክብረት አራት ቦታ ፈረመች፣ ደምመላሽ አራት ቦታ። የኮሚቴው ሰብሳቢ ከቢሮው መጥቶ ቆሞ ፈረመና ተመለሰ። ክብረት ቁልፉን ከአንገቷ አውጥታ ጠረጴዛው ላይ አኖረችው፤ ደምመላሽ አንስቶ ኪሱ ከተተው። ያን ጊዜ ነው የተናገረችው።

«ለዚህች ልጅ አንድ መጽሐፍ ቃል ገብቼላታለሁ። ሰኞ ትመልሳለች።»

ደምመላሽ ፈገግ አለ፤ ቀልድ መስሎት ነበር። ፊቷን ሲያይ ፈገግታው ጠፋ። «እትዬ፣ አሁን ስፈርም አይተውኛል እኮ። ቀለሙ አልደረቀም።»

«አንድ ናት።»

«የእርስዎም አንድ ነበረች።» ይህን ያለው ሊያቆስላት አልነበረም። አንገቱን ደፍቶ በእርሳሱ ጠረጴዛውን ይቆረቁር ነበር። «ሦስት ዓመት ቤት ተቀምጫለሁ። እናቴ ትናንት ለጎረቤት ሁሉ ሥራ ያዘ ብላ ተናግራለች። ደግሞ በሚቀጥለው ሳምንት እንግዶች ይመጣሉ፤ ሁሉም እንዳለ ይቆይ ተብያለሁ። እርስዎ በእኔ ቦታ ቢሆኑ ይሰጧት ነበር? እውነቱን ይንገሩኝና ልስጣት።»

ልጁ የክብረትን መልስ እየጠበቀ ነበር፤ አንድ ቃል ብትለው ምናልባት ያደርገው ነበር። ግን ውሸቱ አፏ ላይ አልመጣም። ክሊራንሷን አንስታ ወጣች። በሩ ከኋላዋ ሲቆለፍ ሰማች።

መዝገብ ቤት ሦስት ደቂቃ እንኳ አልፈጀባትም። ጸሐፊዋ ወረቀቱን ተቀብላ ቁጥር ሰጠችው፣ ግልባጩን ማኅተም መትታ መለሰችላት፣ «እንኳን ደስ አለዎት፣ አረፉ» አለቻት። ክብረት ግልባጩን አራት አጥፋ በብብቷ ያዘችው። ሁዳ በሩ አጠገብ ከክፈፉ ሥር ቆማ ነበር። የክብረትን እጆች አየች። በአንዱ ስኳር፣ በአንዱ ጃንጥላ ነበር።

«ሰኞ...» አለች ክብረት።

«እሺ» አለች ሁዳ፣ ዓረፍተ ነገሩ ሳያልቅ።

ክብረት ልጅቷን ብቻዋን መስደድ ስላልሆነላት አብራት ወረደች። መንገድ ላይ ክብረት ስኳሩን «ለቤት ውሰጂ» ብላ ልትሰጣት ሞከረች፤ ሁዳ «አባቴ አለው፣ ይሸጣል» አለቻት በጨዋ ድምፅ። ከግቢው በላይ ካለችው መታጠፊያ ሲደርሱ ልጆቹ ታዩ። በባዶው ቤት በረንዳ ላይ በተርታ ተቀምጠዋል፤ ሊሊ ከፊት ነበረች፤ ከእሷ በፊት ያለውን ቦታ ለሁዳ ለቅቀውላታል። ሁዳ ቆመች።

«መንገድ ላይ ወደቀብኝ እላቸዋለሁ» አለች።

«ምኑ?»

«የእኔ ድርሻ። አዲሱም። ሁለቱም።» አፍንጫዋን በሻርፗ ጫፍ ጠረገች። «እርስዎ ወሰዱት ካልኩ በሊሊ ይቆጣሉ። ዘመድዎ ናታ። ከዚያ እሷን አያስቀምጧትም።»

ክብረት እንዲህ አይሆንም ልትል ይገባት ነበር። እኔው እነግራቸዋለሁ ልትል ይገባት ነበር። ልጅቷ ክብረት የምትለውን ለመስማት ቀና ብላ አየቻት፣ ከዚያ ቁልቁለቱን ወረደች። ክብረት ከነበረችበት የሚሰማ ነገር አልነበረም። ሁዳ ቆማ ስትናገር፣ እጇን ወደ መንገዱ ስትዘረጋ፣ ሊሊ መጀመሪያ ሁዳን ቀጥሎ ወደ መታጠፊያው ቀና ብላ ስታይ ብቻ አየች። ልጆቹ አልጮኹም። አንድ በአንድ ተነሡ። ካፊያው ውስጥ ወጥተው በመንገዱ ግራና ቀኝ ተከፋፈሉ፣ ጎንበስ ብለው ጭቃውን፣ የቦዩን ዳር፣ የቆርቆሮውን አጥር ሥር እያዩ ዳገቱን መውጣት ጀመሩ። ሁዳም ከእነሱ ጋር ጎንበስ ብላ ትፈልግ ነበር።

ከሁሉም ትንሿ፣ ክብረት የማታውቃት፣ ጥርሷ የወለቀ ልጅ ቀድማ ደረሰች። እጇ እስከ አንጓዋ ጭቃ ሆኗል።

«እማማ፣ እዚህ ጋ የወደቀ ወረቀት አላዩም?»

«አላየሁም» አለች ክብረት።

ልጅቷ አመሰገነቻትና ጭቃውን እያየች አለፈች።